ሹፌሩ፣ ረዳቱና ባለመነጽሩ ውሻ

እ.ኤ.አ. በሜይ 1903 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ጌቶቹ በሚሰባሰቡበት ዩኒቨርሲቲ ክለብ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ መኪና ላይ አረፈ። አብዛኛው ሰው በአንድ ቃል ተስማማ፤ መኪና የሀብታም መጫወቻ ነው፣ ከከተማ ወጥቶ አንድ ደህና ዳገት ካየ ያበቃለታል፣ አገር ያቋርጣል ማለትማ ተረት ነው። የ31 ዓመቱ ሐኪም ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን ግን አልዋጥለት አለ። መኪና ነድቼ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ኒውዮርክ እገባለሁ ሲል በ50 ዶላር ተወራረደ።

ሰውየው እንዲህ ሲፎክር መኪና አልነበረውም። ስለ ጥገናም እዚህ ግባ የሚባል እውቀት የለው፤ መሪ መጨበጥ የጀመረው ገና በቅርቡ ነው። የነበረው ሚስት ነው። ቤርታ የሀብታም ልጅ ነበረች፤ የአባቷ ሀብት የመጣው ደግሞ ፔይንስ ሰለሪ ኮምፓውንድ ከሚባል፣ ነርቭ ያረጋጋል እየተባለ ከሚቸበቸብ የጠርሙስ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ውስጥ ደህና አድርጎ አልኮል ይገባበት ስለነበር የብዙ ሰው ነርቭ ሳይረጋጋ አልቀረም። ባሏ አገር ላቋርጥ ነው ሲላት ቤርታ አልከለከለችውም። እሷ ግን ብልህ ነበረችና ቬርሞንት ወደሚገኘው ቤታቸው በባቡር ሄደች።

የጃክሰን ትልቁ እድል ያም ሆኖ ሚስቱ አልነበረችም፤ ረዳቱ ነው። በእኛ አገር አገር አቋራጭ መኪና የተሳፈረ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ምሳ ቤት ሲደረስ ተሽቀዳድመው የሚያስተናግዱት ሹፌሩን ነው፤ ጥሩ ጥሩው ሥጋ የሚቀርበው ለእሱ ነው፤ መኪናው በሰላም ሲገባ የሚመሰገነውም እሱ ነው። ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ የሚያደርገው ግን ረዳቱ ነው። በዚህ ጉዞም ታሪክ በትልቁ የጻፈው የጃክሰንን ስም ነው። ድንጋይ ያደረገው ሰው ሲዋል ክሮከር ይባላል። 22 ዓመቱ ነው፤ ቀድሞ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፤ ሞተር ፈትቶ መግጠም ያውቅበታል። ዊንተን የሚባለውን መኪና ብንገዛ ይሻላል ብሎ የመከረውም እሱ ነው።

ጃክሰን ጥቂት የተነዳ ዊንተን በ3 ሺህ ዶላር ገዛ። ባለ 2 ሲሊንደር፣ ባለ 20 የፈረስ ጉልበት፣ በሰንሰለት የሚሄድ መኪና ነው፤ ጣሪያ የለው፣ የፊት መስታወት የለው። ቬርሞንት ብለው ስም አወጡለት። የኋላ ወንበሩን አንስተው የመኝታ ከረጢት፣ ድስትና መጥበሻ፣ መጥረቢያ፣ አካፋ፣ ጠመንጃ፣ ሽጉጥ፣ ኮዳክ ካሜራና መጎተቻ ገመድ ከነፑሊው ጫኑበት። ሜይ 23 ቀን ተነሱ። ውርርዱ ከተያዘ ገና ሳምንት አልሞላውም።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ውጭ ንጣፍ መንገድ አለ ማለት አይቻልም፤ በመላ አገሪቱ በደንብ የተነጠፈው ተደማምሮ 240 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። የተቀረው የጋሪ ዱካ፣ የከብት መንገድና የባቡር ሐዲድ ነው። የመኪናው ሠሪ አሌክሳንደር ዊንተን ራሱ በ1901 ይህንኑ ጉዞ ሞክሮ ኔቫዳ በረሃ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ተመልሷል። ሠሪውን አሸዋ ከያዘው ገዢውን አይለቀውም ያሉት ጃክሰንና ክሮከር ወደ ምሥራቅ በመሄድ ፈንታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሪገን ዞሩ። ኒውዮርክ እሄዳለሁ ያለ ሰው ወደ ሰሜን ሲነዳ ያየው ሁሉ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

24 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ጎማ ፈነዳ። የያዙት ትርፍ ጎማ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሳን ፍራንሲስኮን አስሰው ያገኙት ብቸኛ ልክ ነበር። ሳክራሜንቶ ላይ ሌላ ቢፈልጉ ያገኙት አገልግሎ የተጣለ ካላማዳሪ ነው። ከዚያ ወዲያ ተራራው መጣ። ሞተሩ ከመጮሁ የተነሳ ከኋላቸው ድስቱም መጥበሻውም አንድ በአንድ ሲወድቅ አልሰሙም። የጃክሰን መነጽርም የሆነ ቦታ ቀረ። መንገዱን በግልጽ የሚያየው ሰው ከዚህ በኋላ ክሮከር ብቻ ሳይሆን አልቀረም።

ካሊፎርኒያን ሳይለቁ በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠች ቀይ ጸጉር ወጣት ሴት አገኙ። ወደ ሜሪስቪል የሚወስደው የትኛው ነው ብለው ቢጠይቋት ሳታመነታ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። ነዱ፣ ነዱ፣ መንገዱ አንድ ለብቻው የቆመ የገበሬ ቤት ደጃፍ ሲደርስ አለቀ። ቤተሰቡ ግልብጥ ብሎ ወጣና መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየ። ሜሪስቪልስ ቢሏቸው፣ የመጣችሁበትን ተመለሱ ተባሉ። ሲመለሱ ያችኑ ሴት አገኟት፤ እሷም ነገሩን ልትደብቅ አልሞከረችም። እናትና አባቷም ባሏም መኪና አይተው አያውቁም፤ እንዲያዩ ብላ ነው የላከቻቸው። ደርሶ መልሱ 108 ማይል፣ ማለትም 174 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዝዋይን ያሳልፋል።

ገጠር ውስጥ መንገድ ጠይቆ «እቺው ናት» ከተባለ በኋላ ግማሽ ቀን የኳተነ ሰው ለጃክሰን ያዝንለታል። ይህ ጸሐፊ ግን ሴትዮዋን መውቀስ አልሆነለትም። መኪና በዓመት አንዴ እንኳ በማያልፍበት አገር እግር የጣለላትን አጋጣሚ ለእናትና አባቷ ሳታካፍል ብትቀር ነበር የሚገርመው። እኛ ዘንድ ደግሞ የዚያን ዘመን ሰው ገና መኪና ለማየት ጥቂት ዓመታት ይቀሩት ነበር፤ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንዲት ብልህ የሸዋ ሴት ፈረንጁን ወደ እናቷ ደጅ ጠምዝዛው ቢሆን ኖሮ ማን ይፈርድባት ነበር?

አልቱራስ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ጎማ በትእዛዝ ይመጣል ተብለው ቆዩ። አልመጣም። ክሮከር ወፍራም ገመድ አምጥቶ ቸርኬው ላይ ጠመጠመና ጉዞ ቀጠሉ። የዚያን ሰሞን መኪናዋ ከሩቅ ስትታይ ምን እንደምትመስል ጎሚስታ የሆነ አንባቢ ያስበው።

ኦሪገን ውስጥ ነዳጅ እየተንጠባጠበ አለቀ። ብስክሌት ተከራይተው ክሮከር 40 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው በርንስ ከተማ ሄደ፤ የድሮ ተወዳዳሪ ስለሆነ ለእሱ ሥራው የታወቀ ነው። የብስክሌቱም ጎማ መንገድ ላይ ተነፈሰ። ቢሆንም 15 ሊትር ያህል ቤንዚን ይዞ ተመለሰ። ለፍርድ ያህል ጃክሰንም ድርሻውን ከፍሏል። ቆየት ብሎ የሞተር ዘይት ሲያልቅ ወደ ኋላ፣ ወደ ነበሩበት ከተማ፣ በእግሩ ኳትኖ ዘይት አመጣ። መኪናው ተነስቶ ጥቂት እንደሄደ ቬል የምትባል ከተማ ብቅ አለች፤ ለካ የቆሙት አፍንጫዋ ሥር ነበር።

አይዳሆ ላይ ጨዋታው ተለወጠ። ካልድዌል ከተማን አልፈው እንደሄዱ ጃክሰን ኮቱን ረስቶ መምጣቱን አስተዋለ። ጃክሰን ከኮት ጋር በጠቅላላው አይግባባም ነበር። ተናደው ሲመለሱ አንድ ሰው አስቆማቸው፤ ገድ የሚሆናችሁ ውሻ ልሽጥላችሁ አላቸው። ደረቱ ሰፊ፣ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ቡልዶግ ነው። ጃክሰን 15 ዶላር ከፈለ፤ ውሻው በድ ተባለና መኪናው ላይ ወጣ። ኮቱ ባይረሳ ኖሮ ያ ሁሉ ጋዜጠኛ ወደፊት የሚያሳድደው ፎቶግራፍ አይኖርም ነበር።

በድ መኪናውን ወደደው። የፊት መስታወት ስለሌለ የጨዋማው ሜዳ አቧራ ዓይኑን ሲያቃጥለው የእነሱን ዓይነት የሹፌር መነጽር አሰሩለት። ከዚያ በኋላ በየከተማው ሕዝብ ግር ብሎ የሚወጣው ሐኪሙን ለማየት ይሁን ውሻውን ለማየት መለየት አስቸገረ። ጃክሰን ሲናገር፣ ከሦስታችን በመንገዱ ሁሉ አንድም የስድብ ቃል ያልወጣው እሱ ብቻ ነው ብሏል። ክሮከር ስንት ጊዜ መኪናው ሥር እንደተኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ አነጋገር ግልጽ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ኮት ጠፋ፤ ይህኛው አብዛኛውን ገንዘባቸውን የያዘው ነው። ተፈልጎ አልተገኘም። ጃክሰን ለሚስቱ ቴሌግራም መትቶ ገንዘብ ወደ ሻየን ከተማ እንድትልክ ጠየቀ። የጠርሙስ መድኃኒቱ ሀብት እዚህ ላይ በእርግጥ የሰው ነርቭ አረጋጋ። ገንዘብ ባልነበራቸው በዚያ ሰሞን ነው ደግሞ የጎማው ኩሽኔታ ያለቀው። መለዋወጫ ሱቅ የሚባል በአካባቢው የለም። ክሮከር አንድ ገበሬ አግኝቶ አግባባና ከሰውየው የሣር ማጨጃ መኪና ላይ ኩሽኔታውን ነቅሎ ገጠመው። ገበሬው በምን ቋንቋ እሺ እንዳለ ለማወቅ ይህ ጸሐፊ ብዙ ይከፍላል። ማጨጃውን ለመንገደኛ ፈትቶ የሚሰጥ ሰው እንኳን ያኔ ዛሬም ሲገኝ ዕድል ነው።

ዋዮሚንግ በረሃ ውስጥ መንገድ ጠፋባቸውና 36 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ነዱ። ቀበቷቸውን አጠበቁ። በድን በዚያች ሰዓት በምን ዓይን እንዳዩት ታሪክ በዝርዝር አያወራም። በመጨረሻ አንድ ብቻውን የሰፈረ የበግ እረኛ አገኙ፤ የበግ ጥብስና ቅቅል በቆሎ አቀረበላቸው። ጃክሰን ከዚያ በኋላ በትልልቅ ሆቴሎች ብዙ ግብዣ ተጋብዟል፤ እንደዚያ ቀን ግን የበላ አይመስልም።

እዚያው ዋዮሚንግ ውስጥ ቢዬላው ተበላሸ። ይህን ገመድም፣ የሣር ማጨጃም አይተካውም፤ ለፋብሪካው ቴሌግራም መትተው ዕቃው በባቡር እስኪመጣ ቁጭ አሉ። መኪና ሊያሸንፈው ነው የተባለው ባቡር ቢዬላ ሲያመጣላቸው፣ የጃክሰንን ሚስት በሰላም ቤቷ ሲያስገባ መክረሙን ልብ ይሏል። ቀጥሎ የነብራስካ ጭቃ መጣ። ገመዱን ዛፍ ላይ ወይም መሬት ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ አስረው በፑሊ እየጎተቱ፣ ገብተው እየወጡ፣ ወጥተው እየገቡ ተሻገሩ።

ከኦማሃ ወዲያ መንገዱም ሰዉም ተሻለ፤ ስለዚህም ብዙ የሚወራ የለውም። ቺካጎ በክብር ተቀበለቻቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቡፋሎ በስተምሥራቅ፣ ከተደበቀ እንቅፋት ጋር ተጋጭተው ሐኪሙም፣ ረዳቱም፣ ውሻውም ከመኪናው ተስፈንጥረው ወደቁ። ተነስተው አቧራቸውን አራገፉ። ጁላይ 26 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ኒውዮርክ ገቡ። ከሳን ፍራንሲስኮ ከተነሱ 63 ቀን ተቆጥሯል። መኪና አገር አቋረጠ።

ጉዞው መኪናውን ጨምሮ ወደ 8 ሺህ ዶላር ፈጅቷል። ጃክሰን ያንን የውርርድ 50 ዶላር ሄዶ አልተቀበለም። ፓካርድ በሚባል መኪና በጁን የተነሱ ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ ወሩ ሳይሞላ በኦገስት ተከትለውት ኒውዮርክ ገቡ፤ የፈጀባቸውም 61 ቀን ነው። እነዚያ ከኋላቸው የፋብሪካ ድጋፍ ነበራቸው፤ ሁለት ቀን ማትረፋቸው ብዙም አያስደንቅም። ውሻ ግን አልነበራቸውም፤ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳው የመኪና ታሪክ የሚያጠና ሰው ብቻ ነው።

ክሮከር ከጉዞው በኋላ አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1913፣ በወጣትነቱ አረፈ። ጃክሰን እስከ 1955 ኖረ። መኪናውን በ1944 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ሲሰጥ የበድን መነጽርም አብሮ ሰጠ። የክሮከር መፍቻ የት እንደገባ የጻፈ ሰው ይህ ጸሐፊ አላጋጠመውም።

ወደ ቤት የተደረገው የመጨረሻው ጉዞ ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ቬርሞንት ግዛት ሲቃረቡ ሁለቱ የጃክሰን ወንድሞች ጀግናውን ለመቀበል በየመኪናቸው ወጡ። የሁለቱም መኪና መንገድ ላይ ቆመ። አገር ያቋረጠው ዊንተን፣ በጭቃ እንደተለሰነ፣ አዳዲሶቹን መኪኖች ጎትቶ አስገባ። የራሱን ጋራዥ ደፍ ሲረግጥ ደግሞ ያ ሁሉ ሲበላሽ ምንም ሳይሆን የከረመው ሰንሰለት ተበጠሰ።

ሰንሰለቱ ተጠገነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሐኪሙ በመኖሪያ ግዛቱ፣ በበርሊንግተን ከተማ መሐል ሲነዳ ፖሊስ ያዘው። የከተማው ፍጥነት ወሰን በሰዓት 6 ማይል ነበር፤ ወደ 10 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ተራራና በረሃ ላይ ፈጥኖ የማያውቀው ሰው ከልክ በላይ በመፍጠን ተከሰሰና 5 ዶላር ቅጣትና የፍርድ ቤቱን ወጪ ከፍሎ ወጣ።