በመቱና አካባቢዋ የተወርዋሪ ኮከብ መመልከቻ ቦታ አመራረጥ

ተወርዋሪ ኮከብ ለማየት ጨለማና ሰማይ ያስፈልጋል። በኢሉባቦር ጨለማ ሞልቷል። በሌላው ዓለም የከተማ ብርሃን ከዋክብቱን ስለዋጣቸው፣ ሰዎች ጨለማ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይነዳሉ፤ ለጨለማ ጥብቅ ክልል ይከልላሉ። መቱ ላይ ጨለማው ራሱ ቤት ድረስ ይመጣል። ዓይነቱም ሁለት ነው፦ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚመጣውና መብራት ሲሄድ የሚመጣው። የመጀመሪያው ሰዓት ያከብራል። ሁለተኛው ለምልከታ ይበልጥ የሚመች ቢሆንም አንድ ጠባይ አለበት። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ ልክ ዓይን ሲለምድ ይመለሳል፤ የሰፈሩ ልጆችም «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ።

ችግሩ ያለው ሰማዩ ላይ ነው። የውጭ መጻሕፍት አብዝተው የሚያወድሱት ፐርሲድ የተባለውን የተወርዋሪ ኮከብ ውርጅብኝ ነው። ስዊፍት ተትል የተባለው ጅራታም ኮከብ የበተነው ብናኝ በሴኮንድ 59 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከአየር ጋር ሲጋጭ ይነዳል። ወቅቱ ነሐሴ 6 እና 7 ነው። ይህ ምክር ነሐሴ በጋቸው በሆነ ሰዎች የተጻፈ ነው። ጎሬና መቱ ግን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኙ፣ ክረምታቸውም ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ የሚወጣ ከተሞች ናቸው። በፍልሰታ ሌሊት መቱ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ የሚያይ ሰው ከላይ የሚወርድ ነገር አያጣም፤ መቁጠሩ ነው የሚያስቸግረው። በሚያዝያ 27 ንጋት ግድም የሚታየውም፣ የሃሌይ ኮከብ ብናኝ ነው ቢባልም፣ ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

የሚቀረው ጀሚኒድ ነው። ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ሰማዩ በአብዛኛው ይጠራል። ተወርዋሪዎቹ የሚነሡት ጀውዛ ከተባለው ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ ሲሆን፣ ጀውዛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ አናት ይጠጋል። ምንጫቸው በ1983 እ.ኤ.አ. የተገኘው ፋኤቶን የተባለ ዓለታማ አካል ነው። ፍጥነታቸው በሴኮንድ 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ «ያውና!» ለማለት ጊዜ ይሰጣሉ፤ ጎን ያለው ሰው ዞር ሲል ግን አይጠብቁም።

ወሩ ከታወቀ ቦታው ይመረጣል። ከሁሉ የጨለመው የያዩ ጫካ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የቡና ደን ለጨለማ እንከን የለውም፤ ዛፉ ግን ሰማዩን ከጥግ እስከ ጥግ ሸፍኖታል። እዚያ ያደረ ተመልካች ስለ ጉሬዛ ብዙ አውቆ ይመለሳል። የሶር ፏፏቴም ገደልና ደን የከበበው ነው፤ ውኃው የሚረጨው ጉም መነጽር ያጨልማል። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ወደ ሰማይ ትቀርባለች፤ ወደ ደመናም እንዲሁ። በደሌ የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ስለሆነች፣ እዚያ አምሽቶ የተመዘገበ የከዋክብት ቁጥር ለጥናት አይወሰድም። የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ገላጣ ነው፤ ጅብም ይህን ያውቃል።

ዛፍ የሌለው፣ አጥር ያለው፣ ጅብ የማይገባበት፣ በታኅሣሥ ክፍት የሆነ ቦታ አንድ ብቻ ነው፦ የቡና ማድረቂያው ግቢ። የተለቀመው ቡና በአልጋ ላይ የሚሰጣው ፀሐይ እንዲያገኝ ስለሆነ፣ ሰማዩ ከአድማስ እስከ አድማስ ይታያል። ጉድለቱ ዘበኛው ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሰው ጀንፈል አጠገብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ ሰው ሲያገኝ «ኤኙ?» (ማን ነው?) ይላል፤ ባትሪውንም ፊት ላይ ያበራል። የለመደው ዓይን ሌላ 30 ደቂቃ ይከስራል። «ኮከብ እያየሁ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም የሚያሳምን ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ባለቤቱን በቀን ማስፈቀድና ከዘበኛው ጋር በስም መተዋወቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል።

ዘበኛው እንደ እንቅፋት መቆጠሩም ስሕተት ነው። የጀሚኒድን ወቅት ከዓመት ዓመት፣ ደጅ ሆኖ፣ ሳይተኛ የሚያሳልፍ ሌላ ሰው በአካባቢው የለም። ምን ያህል እንዳየ ግን ጠይቆት የመዘገበ የለም፤ ደመወዙም የሚከፈለው ቡናውን እንዲያይ ነው።