ማን ይሰርቀዋል ብለህ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የሚቆም ሰው የለም። አትላስ ጋ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ዳር ይዛ እንፋሎቷን ስትለቅ፣ ጭሱ ሳይጠራ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሊቀ መንበሩ ሎተሪ አዟሪው ነው፤ ጸሐፊው ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ታክሲ የሚጠብቅ መንገደኛ። «ጓርኒሲዮኑ ሄዷል» ይላል አንዱ። ሊሆን ይችላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ካላገዘው ሞተር ለመጋል ሰበብ አያጣም። ጣጣው ቀጥሎ በሙሉ ድምፅ የሚጸድቀው ውሳኔ ነው፦ «የቴስታታውን ቡሎኖች ጠበቅ አድርጋቸው!»

ማጥበቅ እንወዳለን። ቧንቧውን ጎማው እስኪበላ፣ የፔርሙዝ ክዳኑን ጎረቤት ተጠርቶ እስኪከፍተው እናጠብቃለን። የላላ ነገር ያሳፍረናል፤ የተሰበረ ግን «ዕቃው ነው ደካማ» ተብሎ ይታለፋል።

ከአትላስ ጀርባ ባለች ጠባብ ጋራዥ የማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ግን ለኮሚቴው ጆሮ የላቸውም። ላዳ ቴስታታዋን፣ ማለትም የሞተሯን ራስ፣ ከብሎኩ ጋር የሚያስሩ 11 ቡሎኖች አሏት። 10ሩን በሁለት ዙር ያስሯቸዋል፤ መጀመሪያ ከ33 እስከ 41 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ከ96 እስከ 118። 11ኛዋ ከጎን ያለች ቀጭን ናት፤ በመጨረሻ ለብቻዋ ከ31 እስከ 39 ይበቃታል። በታላላቆቿ ልክ የጠመዘዛት ሰው አንገቷን ቆርጦ እጁ ላይ ያገኘዋል።

እናቴ እንጀራ ስትጋግር ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሃል ታዞረዋለች፤ ቴስታታ ተቃራኒው ነው። ከመሃል ይጀመርና ቀኝና ግራ እየተፈራረቀ ወደ ዳር ይወጣል፤ ዳሩ ቀድሞ ከተያዘ መሃሉ ልጥፍ ብሎ አይተኛም። ሲፈታ ደግሞ ከዳር ወደ መሃል። የላዳ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታዋ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረቱ እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ አንዱ ጥግ ላይ የተጨነቀ ቴስታታ ይጣመማል።

አንድ ቀን ተለማማጁ የቁልፉን እጀታ ሊያስረዝም የብረት ቱቦ ይዞ ከች አለ።

«ጋሼ፣ በዚህች ትንሽ ላክርላት?»

«ወዲያ በላት! ማን ይሰርቀዋል ብለህ ነው?»

የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን ቶርክ ሬንች አቀበሉት። ልጁ ሳበ፣ ሳበ፤ «ቀጭ» አለ።

«ጋሼ፣ ተሰበረ መሰለኝ።»

«በቃኝ ማለቱ ነው፤ ስማው።»

ጉልበተኞችን የሚያሳዝን ሒሳብም አለ። ቡሎን ላይ ከምናፈሰው 100 እጅ ኃይል 90 ያህሉን ሰበቃ ይበላዋል፤ 50 ያህሉ ከቡሎኑ ራስ ሥር፣ 40 ያህሉ ጥርሱ ላይ ይቀራል። ቴስታታውን የሚይዘው 10 እጁ ነው። ስለዚህ ጥርሱ የዛገ ቡሎን ሬንቹን ቶሎ «ቀጭ» ያሰኘዋል እንጂ ምንም አልያዘም። እሳቸው ጥርሱን ይቦርሹና ጠብታ ዘይት ይቀቡታል። ጉድጓዱን ግን ያደርቁታል፤ ሥሩ የተኛ ዘይት ወይም ውሃ መውጫ ሲያጣ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል። ኮሮላ ሲመጣም ሕጉ ይለወጣል፦ የ4ኤ-ኤፍኢ ሞተር የቴስታታ ቡሎን በ29 ኒውተን ሜትር ከታሰረ በኋላ 90 ዲግሪ፣ ከዚያም ሌላ 90 ዲግሪ ይዞራል። ለዚህ ደግሞ ከጡንቻ ይልቅ ምልክት መቀቢያ ቀለም ያስፈልጋል።

ችግሩ ደንበኛው ነው። ላብ ላላየበት ሥራ ብር ማውጣት ይከብደዋል። «ጋሼ፣ ለዚህች ቀጭ ቀጭ ነው ይሄ ሁሉ ሒሳብ?»

ሰውየው ለዚህም መላ አላቸው። ያቺን ቱቦ አልጣሏትም። ሞርሳ ላይ የታሰረ አንድ የዛገ ቡሎን አለ፤ ሒሳብ ሊናገሩ ሲሉ ቁልፉን ሰክተው፣ በቱቦዋ አስረዝመው፣ ደንበኛው እያየ በደንብ ያቃስቱበታል። ተለማማጁም ፊታቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅ ያቀብላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ደንበኛ አላየሁም።