ጫማ ሰፊ ፍለጋ በሲቀላ

ቀትር ላይ የአርባ ምንጩ ሲቀላ ይፋጃል። አሳ ልበላ ወጥቼ፣ ገና ከባጃጅ ስወርድ የግራ ጫማዬ ሶል እስከ ተረከዙ ተገነጠለ።

አርባ ምንጭም እንደ ብዙዎቹ ከተሞቻችን የኮሪደር ልማት ደርሷታል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሏል። ማታ ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸርበት አይቻለሁና ሥራው ከልቤ ደስ ይለኛል። ያን ቀን ግን ከዳር እስከ ዳር ባማትር አንድ ጫማ ሰፊ አጣሁ። በፊት መንገዱ ዳር ሁለት ሦስት ሆነው ይቀመጡ ነበር። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ጠየቅኋቸው።

«ነበሩ ልጄ፤ መንገዱ ሲሠራ ተነሡ። ሴቻ ወጥተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉኝ።

ሲቀላና ሴቻ አንድ ከተማ ይባሉ እንጂ መካከላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት አለ። በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደዚህ ከወረደ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሴቻ፣ ንግዱ ወደ ሲቀላ አደላ። ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ሴቻ ነፋስ አለ፤ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ድፍርሱ የአባያ ሐይቅና ሰማያዊው የጫሞ ሐይቅ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ሸንተረር ወለል ብለው ይታያሉ። እንዲህ ያለ እይታ ያለው ከተማ በአገራችን ብዙ የለም። ጫማ ሰፊ ግን እዚያም የለም። ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አዘነችልኝና ሶሉን በሲባጎ ጠፍራ እያሰረች፣ «ጋሼ፣ አንዱን አውቀዋለሁ፤ እዚያው ሲቀላ፣ ከአንድ አሳ ቤት ጓሮ ነው ያለው» አለችኝ። ከዋናው መንገድ በስንት እጥፋት ገባ ብሎ እንደሆነ በምልክት ነገረችኝ። የቡናውን ብቻ ከፍዬ ወረድኩ።

እውነትም ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ወስፌውን ሰም አስነክቶ ሶሉን ይወጋል፣ ክሩን ከሥር በመንጠቆው ይስባል፣ ጥርሱን ነክሶ ያጠብቃል፤ ከዚያ ሌላ ቀዳዳ። ቀና ሳይል፣ «እስክጨርስ ገብተህ ብላ፤ አሁን የመጣ አሳ አለ» አለኝ። ነጠላ ጫማም አበደረኝ።

ከጫሞ የወጣ ቆሮሶ ነው። ጎንና ጎኑ በቢላ ተሸንትሮ ዘይት ውስጥ ስለገባ ሥጋው በየመሥመሩ ቆሞ፣ ጫፉ ወርቅማ ሆኖ ይመጣል። በጣት ቆንጠር ሲያደርጉት ከአጥንቱ ይላቀቃል። ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ከዶርዜ ዳጣ ጋር ይጎረሳል፤ ዳጣው በቃሪያ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ስለሚሰለቅ ግንባር ላይ ላብ ያወጣል። የሐይቁን አሳ በዕለቱ የሚበላ ሰው ዕድለኛ ነው።

እየበላሁ የታዘብኩትን ልናገር። አሳ ቤቷ ለጫማ ሰፊው አግዳሚና ጥላ ሰጥታዋለች። ጫማ ለማሰፋት የመጣ ሰው ይበላል፤ የበላም ጫማውን ያስጠርጋል። ዝርዝር ስትቸገር ጎረቤት ካለው ጭማቂ ቤት ትልካለች። ጭማቂ ቤቱ ደግሞ አቮካዶውን፣ ማንጎውንና ፓፓያውን ደራርቦ ስፕሪስ ሲሠራ ከገበሬው በዱቤ ይወስዳል። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ከተጀመረው ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎችም ገንዘብ ሲያጥራቸው እዚሁ በመዝገብ ይበላሉ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነቅሎ ሌላ ሰፈር መውሰድ ሁሉንም መጉዳት ነው። ምትክ ቦታ ቢሰጠው እንኳ ደንበኛውን፣ ዱቤውንና ጎረቤቱን ይዞ አይሄድም።

ይህች ከተማ ሱቆቿን በምን እንዳተረፈች ማስታወስ ደግ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ፣ በቁጣ የወጣው ወጣት የሌሎች ወገኖችን ንብረት ሊያጠፋ ተነሥቶ ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። አባቶች መሬት ላይ ተንበርክከው ያዳኑትን የጎረቤትነት ኑሮ የመንገድ ፕላን ሊዘነጋው አይገባም።

ስለዚህ የከተማዋን አስተዳደር እለምናለሁ። በአዲሱ መንገድ ዳር ለጫማ ሰፊው፣ ለቡና አፍዪዋና ለሙዝ ሻጯ ጥላ ያለው ትንሽ ቦታ ይሠራላቸው፤ ኪራዩ በአቅማቸው ይሁን፤ ቅድሚያውም ከዚያው ለተነሡት ይሰጥ። አርባ ምንጭ የምትሄዱ ወገኖቼም በመብራቱ ሥር ተንሸራሸሩ፣ ምሳችሁን ግን ገባ ብላችሁ ከትንንሾቹ ቤቶች ብሉ።