ይለመዳል

የጀርመን ሃከር አጠገቡ የክለብ ማቴ ጠርሙስ ካላቆመ ሥራ ጀመረ አይባልም። ከደቡብ አሜሪካው የማቴ ቅጠል የሚዘጋጅ፣ ጋዝ ያለው፣ መልኩ ብጫ የሆነ ለስላሳ ነው፤ ስኳሩ ከኮካ ኮላ በግማሽ ያነሰ፣ መጨረሻው ጎምዘዝ የሚል። ፊቱን ያጨማደደ እንግዳ «ይለመዳል» ይባላል። ይህ የወዳጅ ማጽናኛ እንዳይመስላችሁ፤ የመጠጡ መፈክር ነው! ሌላው ነጋዴ «ይጣፍጣል» ብሎ ይምላል፤ አምራቹ የባቫሪያው ሎሸር ጠማቂ ግን እውነቱን ተናግሮ ገበያው ደራለት።

ጉልበቱስ? በ100 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ማለትም ከተጣራ ቡና ግማሽ ያህሉ። ጠርሙሱ ግማሽ ሊትር ስለሆነ ግን ሂሳቡ ይካካሳል።

የሃከሮቹ ማኅበር የካኦስ ኮምፒውተር ክለብ ሰዎች ከፈረንጆች ገና በኋላ ለዓመታዊ ጉባኤያቸው ሲሰበሰቡ የዚህ መጠጥ ሳጥን እስከ ደረት ይደረደራል። ኮዱን ገልጦ ያላሳየ ሶፍትዌር በደጃቸው አያልፍም፤ ጠርሙሱ ላይ «አሮማ» ተብሎ የታለፈውን ነገር ግን ማንም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይጨልጡታል። ለመልመድ ትዕግሥት ላጣም መላ አለ፤ ሩም፣ ሎሚና የሸንኮራ ስኳር ጨምረው «ቹንክ» ይሉታል። እሱን ለማስለመድ መፈክር አላስፈለገም።