ሽቦው ያስፈራል፣ ቡናው ይፋጃል

ቴሌግራፍ አቬኑ ከኦክላንድ መሀል ተነስቶ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ድረስ ይዘልቃል። ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቴሌግራፍ ሽቦ ስለተዘረጋበት ነው። ከቴመስካል ሰፈር ወደ በርክሌይ ሲሄዱ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ይበዙበታል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ስለ ሦስት ነገር ሳይሰማ አይወጣም፦ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ፣ ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ካንሰር። የኋለኞቹን ሁለቱን የሚያገናኛቸው የመብራት ሽቦ ነው።

«ቤቱስ ቆንጆ ነበር፤ ግን በጓሮው በኩል ትልቁ መስመር ያልፋል» ይላል አንዱ።

«ተወው ወንድሜ! ካንሰር ነው የምትገዛው!»

«ሻጩ ስንት ቀነሰልህ?» ይላል እስካሁን ዝም ብሎ ሲበላ የቆየው።

ሠላሳ ሺህ ዶላር መቀነሱ ሲነገር የጠረጴዛው ሕክምና በሙሉ ይለወጣል። «እንግዲህ ሽቦው ራቅ ካለ ምን ችግር አለው?» ሠላሳ ሺህ ዶላር ያንን የብረት ምሰሶ ሃያ ሜትር ገፋ አደረገው ማለት ነው።

ፍርሃቱ ከሜዳ የተነሳ እንዳይመስላችሁ። በ1979 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ናንሲ ዌርትሃይመር እና ኤድ ሊፐር በዴንቨር ከተማ በሉኪሚያ፣ ማለትም በደም ካንሰር፣ የሞቱ ልጆች ብዙ ኮረንቲ በሚያልፍባቸው ሽቦዎች አጠገብ በዛ ብለው መኖራቸውን ጻፉ። በኋላ የብዙ አገር ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ኮረንቲ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ በአማካይ ከ0.4 ማይክሮቴስላ (የመስኩ መለኪያ ነው) በላይ በሆነበት ቤት በሚያድጉ ልጆች ላይ በሽታው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ቤት ግን ጥቂት ነው፤ መስኩ በምን መንገድ ካንሰር እንደሚያመጣም በላቦራቶሪ አልተረጋገጠም። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ጉዳዩን «ምናልባት» በሚለው መዝገብ አስቀመጠው። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ጤና መምሪያ ሦስት ሳይንቲስቶች «አደጋ አለው ወደሚለው እናዘነብላለን» የሚል ዘገባ አወጡ፤ ዘገባውን ያዘጋጀው ፕሮግራም ቢሮውም እዚሁ ኦክላንድ ነበር።

ሽቦው ያንን የ«ምናልባት» መዝገብ ሲቀላቀል ግን ከ1991 ጀምሮ ተቀምጦ የጠበቀው ነባር ነበረ። ቡና! የፊኛ ካንሰር ተጠርጥሮበት። ሁለቱ ጎን ለጎን 14 ዓመት ቆዩ፤ በ2016 ቡና ነፃ ወጣ፣ ሽቦው እዚያው ቀረ። እስኪ እልል በሉ! ግን ቆዩ፤ ያው ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ ሆኖ የሚጠጣ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር «ሳያመጣ አይቀርም» አለ። ይህ ከሽቦው «ምናልባት» አንድ ደረጃ የባሰ ነው።

አሁን «ካንሰር ነው የምትገዛው» ያለውን ሰውዬ ተመልከቱት። ጀበናው እየተንተከተከ መጣ፤ አቦሉ ተቀዳ። በአንድ እጁ በመስኮቱ በኩል ወደ ምሰሶው ይጠቁማል፤ በሌላው ሲኒውን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ፣ ከንፈሩን አሹሎ ፉት ይለዋል። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ትንሽ ይቀዝቅዝልህ» ቢሉት «ካልፈጀ ምኑን ቡና ሆነ!» ብሎ ወደ ሽቦው ይመለሳል። ዕጣኑ አጠገቡ ይጨሳል፤ ትንሽ ወረድ ብሎ በ24 ቁጥር አውራ ጎዳና የሚተመው መኪና ጭሱን ይለቃል። የናፍጣ ጭስ ከ2012 ጀምሮ «ያመጣል» በሚለው፣ «ምናልባት» በሌለበት መዝገብ ውስጥ ነው። የናፍጣውን ነገር ያነሳ የለም፤ ጭሱ የቤት ዋጋ አያስቀንስማ።

«ሽቦው መሬት ውስጥ ቢቀበር እንገላገል ነበር» የሚሉም አሉ። አፈር ግን መግነጢሳዊ መስክን አይከለክልም፤ እንዲያውም ከተቀበረው ሽቦ በላይ ቆሞ ለሚያወራ ሰው ሽቦው ከምሰሶው ይልቅ ቀርቦታል። ዋናው ነገር ርቀት ነው፤ መስኩ በራቁት ቁጥር ቶሎ ይወርዳል። አንዲት የማውቃት እናት የልጇን አልጋ በሽቦው በኩል ካለው ግድግዳ አንስታ ወደ ሌላው አዙራለች፤ ጎበዝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጋራዥ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሕፃኑን አዝላ፣ የሳምንቱን እንጀራ ትጋግራለች። ምጣዱም እኮ ኮረንቲ ይበላል፤ ያውም ክንድ በማይሞላ ርቀት!

ሽቦ በእርግጥ ሰው የገደለበትን ነገር ደግሞ ማንም አያነሳም። በኅዳር 2018 በሰሜን ካሊፎርኒያ ፒ ጂ ኤንድ ኢ በተባለው የመብራት ኩባንያ አሮጌ ምሰሶ ላይ ያረጀ የብረት መንጠቆ ተበጥሶ ሽቦው ተንጠለጠለ፤ ያስነሳው እሳት ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ጠራርጎ 85 ሰው ፈጀ። ኩባንያው በ2020 በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛነቱን ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። የቤት ገዢው ግን ስለ ማይክሮቴስላ እንጂ ስለ መንጠቆ አይጠይቅም።

ስጋቱ ከልብ ለሆነበት ሰው መላ አለ፦ በካሊፎርኒያ የመብራት ኩባንያዎች ደንበኛ ሲጠይቃቸው መስኩን ቤት ድረስ መጥተው በነፃ ይለካሉ። እስካሁን ደውሎ ያስለካ አላጋጠመኝም፤ ቁጥሩ ከታወቀ ወሬው ያልቃላ! ስልኩ ወርሃዊ ሂሳባችሁ ላይ ተጽፏል፤ ደውሉ።