ጫማ የሚያስወልቀው ኮምፒውተር

አየር ጤና አደባባይ አጠገብ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ያለ ሰው፣ ወሬው ከኳስ ወደ ኑሮ ውድነት፣ ከኑሮ ውድነት ደግሞ ወደ ድሮ መሻገሩ እንደማይቀር ያውቃል። የድሮ ቅቤን፣ የድሮ አስተማሪን፣ የድሮ ክረምትን ለምደናቸዋል። አሁን አሁን የመጣው ግን የድሮ ኮምፒውተር ነው። ጡረታ የወጡና ለመውጣት የተቃረቡ ሰዎች በሁለት እጃቸው ሁለት ስልክ ይዘው «ያኔ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ነበር» ይላሉ። የአሁኑስ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቃቸው ሲመጣ አንደኛው ስልክ ይጠራና ያመልጣሉ።

«ያኔ» የሚሉት የ1980ዎቹን መጨረሻና የ1990ዎቹን መጀመሪያ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ያን ጊዜ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሚል ታፔላ በየሰፈሩ ብቅ ብቅ ይል ነበር። ትምህርቱ ዶስ፣ ወርድ ፐርፌክትና ሎተስ ነው፤ ገንዘብ የተረፈው ዲቤዝ ይጨምርበታል። ወደ ክፍሉ የሚገባው ጫማ ወልቆ ነው። ለአቧራው ነው ቢባልም፣ ቫይረስ በሶል ተጣብቆ እንዳይገባ የሚመስለው ሠልጣኝ ጥቂት አልነበረም፤ አንዳንዱ አሠልጣኝም ጉዳዩን በደንብ ያጣራ አይመስለኝም። ካልሲው የተቀደደበት ሰው ከሥልጣኔ ወደኋላ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ሲያበቃ ኪቦርዱ ፕላስቲክ ይለብሳል፣ ሞኒተሩ ላይ ዳንቴል ጣል ይደረጋል። አሠልጣኙ ራሱ ያን ያህል ክብር አላገኘም።

አንድ ማሽን ለሦስት ነበር። አንዱ ይመታል፣ አንዱ ያያል፣ ሦስተኛው በትከሻ መሃል አንገቱን ያሰግጋል። ዛሬ «ዶስን እኮ አብጠርጥሬ ነው የማውቀው» ከሚለን ሕዝብ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው በዚያ አንገት የተማረ ነው። የወርድ ፐርፌክት ሰማያዊ ገጽ ሲበራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሲዘጋ ደግሞ ስንት ቀን የተደከመበት ደብዳቤ ፍሎፒ ላይ ይቀመጣል፤ ፍሎፒው የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው። ዛሬ እነዚያው ሰዎች ጠዋት ጠዋት በስልክ የሚልኩልን «እንደምን አደራችሁ» የሚል አበባ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሰርተፍኬቱ ግን አሁንም ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከሠርጉ ፎቶ ጎን አለ።

ፈረንጁ የድሮ ኮምፒውተር ሲናፍቀው ይገባኛል። ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ፣ የዚያ አገር ልጅ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ሲጫወት ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1976 በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም የተሸጠውን የመጀመሪያውን አፕል፣ በ2014 በጨረታ 905 ሺህ ዶላር ከፍለው ወስደውታል፤ ናፍቆታቸው ዋጋ አለው። እኛ ግን በዚያው በ1982 ቴሌቪዥኑን ራሱን የምናየው ጎረቤት ቤት፣ ወለል ላይ ተደርድረን ነበር። የቤት ኮምፒውተር ዘመን አልነበረንም። የእኛ ዘመን የቢሮና የማሠልጠኛ ነው፤ የምንናፍቀውም የሌላ ሰው ንብረት ነው። የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ 2000 ዓመት ሲገባ ያብዳል ተብሎ አገር ሲሸበር እንኳ እኛ ገና 1992 ላይ ነበርን፤ በሰው ሚሌኒየም ተጨንቀን፣ የራሳችንን ከሰባት ዓመት በላይ ቆይተን አከበርን።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። ካፌ ውስጥ ስለ ቢል ጌትስ የማያውቅ የለም። ሃርቫርድን ጥሎ መውጣቱን በተለይ ፈተና የወደቀ ልጅ ከነዝርዝሩ ያውቃል። ያ የተከበረ፣ ዳንቴል የለበሰ ማሽን «ሀ» ብሎ መጻፍ የማይችል እንደነበርና ማን እንዳስቻለው ግን ጠይቁና ዝምታውን እዩት። አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ፣ ተረፈ ራስወርቅም ቴሌፕሪንተሩን አማርኛ ሲያስተምሩ የተጋፈጡት አንድ ችግር ነበር፤ የፊደሉ ብዛት። ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ አብሮ መጣ። የዚያን ዘመን ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ አለው፤ ከዚያም ከፊሉ በማሽኑ ሥራ የተያዘ ነው። ፊደላችን ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ፣ ከነነጥቡ ከ300 ያልፋል። አልበቃ ሲል አንዳንዱ ባለሙያ ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለው፤ ሌላው ግንዱን አንድ ቦታ፣ ቅጥያውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ስክሪን ላይ ገጣጠመው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ሆነው ይህን ከታገሉት መካከል ዳሸን የተባለውን መጻፊያ የሠሩት ኢንጂነር ፍስሐ አጥላውና ሞድኤት የተባለውን ያወጡት ዶክተር አበራ ሞላ ይገኙበታል። ዶክተሩ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ከላምና ከበግ ተርፎ ፊደል ያከመ ሐኪም ሌላ አገር ቢሆን ሐውልት ባያገኝ ፊልም ያገኝ ነበር። እኛ ዘንድ ያገኘው «የመጀመሪያው ማን ነው?» የሚል ክርክር ነው። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ እኔ ዳኝነቱ ውስጥ አልገባም፣ ሽምግልናውም ይቅርብኝ።

ከዚያ በኋላ መጻፊያው በዛ። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግእዝ፣ ፓወር ግእዝ፣ ሌሎችም መጡ፤ እያንዳንዱም በራሱ ኮድ። የዓለምን ፊደል ሁሉ በአንድ ኮድ የሚያስማማው ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ዕትሙ ተቀበለ፤ ለዚህም እነ ዳንኤል ያዕቆብ ብዙ ደከሙ። ዊንዶውስ ቪስታም እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለ ፎንት ይዞ መጣ። ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። አደባባዩን አለፍ ብሎ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ ፍላሻቸውን ሰጡ። ልጅቷ ከፈተችው። የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው ያሉት አሥራ አንድ ገጽ፣ የላቲን ፊደልና የቅንፍ ትርምስ ሆኖ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በድሮ ፎንት ነው የተጻፈው። እኛ ጋ ያ ፎንት የለም።»

«ምን ይጠበስ! ድሮ እንዲህ ያለ ብልሽት መቼ ነበር?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ያኔ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ነበር።»

ያበላሸው ያ ያኔ መሆኑን ልነግራቸው አስቤ ተውኩት፤ ወረፋው ረዥም ነበር። ልጅቷ እንደገና መምታት ሳይሻል አይቀርም አለች። ዋጋው በገጽ ነው፤ ሰውዬው ተከራክረው ትንሽ አስቀነሱ። የታተመውን ኮፒ ከቦርሳ አውጥተው ሰጧት። ሊወጡ በር ላይ ደርሰው ተመለሱ።

«የኔ ልጅ፣ አደራ፤ ስትመቺው በዚያው በለመድኩት ፎንት ይሁን። ከየትም ፈልገሽ ጫኚው።»