ባሕር ተሻግሬ የቤታችንን ዕቃ አገኘሁ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእታለም፤ ካለሽበት ደብረ ማርቆስ።

ፍራንክፈርት ነው የምኖረው ስልሽ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ የተሰቀልኩ አይምሰልሽ። ሰፈሬ ዞሰንሃይም በፈረንጆች እስከ 1928 ድረስ ራሷን የቻለች መንደር ነበረች፤ ከተማው ጠቀለላት እንጂ ጠባይዋ ዛሬም የመንደር ነው። ኒዳ የሚባል ወንዝ አለን፤ ዳክዬ እንጂ ልብስ አጣቢ አይቼበት አላውቅም።

“አንተ የሠለጠነ አገር ነህና ለእኔም ለልጆቹም የሚታይ፣ የሚነበብ፣ የሚሰማና የሚጫወቱት ምረጥልን” ብለሽ ልከሽብኛል። እሺ ብዬ ስመርጥ ሰነበትኩ። መጨረሻ ላይ ዝርዝሩን ባየው፣ ይሄ ሁሉ መንገድ ተጉዤ የሰበሰብኩት የገዛ ቤታችንን ዕቃ ሆኖ አረፈው። ቢሆንም ስሚኝ።

ከሚታየው ልጀምር። የኃይሌ ገሪማን “ጤዛ” አዲስ ፊልም አይደለም፤ በፈረንጆች 2008 የወጣና በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ያገኘ ነው። አንበርብር ሕክምና ሊማር ወደዚሁ ወደ ጀርመን ይመጣል፤ አገሩ ሲመለስ አገሩም እሱም እንደ ድሮው አይደሉም። ብርድ ልብስ ተከናንቤ አይቼው ሲያልቅ፣ ተነሥቼ ፓስፖርቴ ከመሳቢያው መኖሩን አረጋገጥኩ። ልጆቹ ግን ይደጉበት፤ አንቺ ብቻ እይው። ሌላው በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት በኢቢሲ የቀረበው የ“ፍቅር እስከ መቃብር” ተከታታይ ድራማ ነው። ሰብለ ወንጌልን በዓይን ማየት ደስ ይላል። ምክሬ ግን አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቀሽ ክፈቺው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ካነበበው ወዲህ ስለ ጉዱ ካሳ ሌላ ሰው አፉን ሲከፍት አይወዱም።

ወደሚነበበው ልለፍ። የራስ አሥራተ ካሳ ልጅ ዶክተር አስፋ ወሰን አሥራተ የሚኖሩት እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። በፈረንጆች 2003 “ማኒረን” የሚል መጽሐፍ በጀርመንኛ ጻፉ፤ ስለ ጨዋነትና ስለ ሥርዓት ነው። አስቢው! ሐበሻ ለጀርመን ጨዋነት ሊያስተምር ተቀመጠ፤ ጀርመንም መጽሐፉን እየተሻማ ገዝቶ ተማረ። እኔም በመዝገበ ቃላት እየተደገፍኩ አንድ ወር ለፋሁበትና ምን ባገኝ ጥሩ ነው? እማማ በነጻ፣ በቁንጥጫ ያስተማረችንን። ጀርመንኛ አላውቅም ብለሽ አትዘኚ፤ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጻፉት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሟልና እሱን ፈልጊ።

ለጆሮ ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን መርጬልሻለሁ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በፈረንጆች 1967 የወጣው እዚሁ ጀርመን ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ2024 “ሱቬኒርስ” የሚባል አልበም ወጣ፤ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ቤታቸው ሆነው በካሴት የቀዱት ነው። ፒያኗቸውን ብቻ የምናውቅ ሰዎች ሲያንጎራጉሩም ሰማናቸው። እንግዲህ እዚህ አገር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። ከሥሬ ያሉት አሮጊት እስክስታዬን ሁለት ጊዜ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ ደብድበው አስቁመውኛል። እማሆይን በከፈትኩ በሦስተኛው ሌሊት በሬ ተንኳኳ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት “ትንሽ ከፍ አድርገው፤ ታች ድረስ አይሰማም” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ተወዳጀንና እሑድ እሑድ ጨዋታ ያስተምሩኛል። ከፈረንጆች 1914 ጀምሮ በብዛት እየተመረተ የሚሸጥ የጀርመኖች ሉዶ ነው፤ ስሙም “ሜንሽ ኤርገረ ዲሽ ኒሽት” ይባላል፤ ሰውዬ፣ አትናደድ እንደ ማለት። አስቀድሞ አትናደድ የሚል ጨዋታ ምን እንደሚያደርግሽ ገምቺ! ቤትሽ ልትገቢ አንድ እርምጃ ሲቀርሽ ከኋላ ይደርሱብሽና ጠጠርሽን ወደ መነሻው ይመልሱታል። አሮጊቷ ይህን ሲያደርጉብኝ ፊቴን ያጠናሉ፤ እኔ ግን ንቅንቅ የለም። ሦስት ሰዓት ተሰልፎ “አንድ ወረቀት ይጎድላል” ተብሎ ከመስኮት የተመለሰ ስደተኛ በጠጠር ይናደዳል እንዴ? ከዝርዝሬ ውስጥ የጀርመን ዕቃ ይህ ብቻ ነው፤ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

ልጆቹ ስልክሽን መንጠቃቸው ካልቀረ ደግሞ የአዲስ አበባዎቹ ቅኔ ጌምስ የሠሩትን “ኩኩሉ” የተባለ ጨዋታ ጫኚላቸው፤ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ ናት። በፋሲካ ሰሞን ግን እንዳትከፍቺላቸው፤ ለዶሮዋ አዝነው ወጥ አንበላም ያሉሽ እንደሆነ እኔ የለሁበትም።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ባለፈው ሳምንት ሆኽስት ጣቢያ ቆሜ ባቡር ስጠብቅ አባባ ዘንድ ደወልኩ። “ምነው፣ ባቡሮቹ ዛሬ ሥራ አቁመዋል አይደል እንዴ? በእግርህ ልትሄድ ነው?” አሉኝ። ከጀርመን ድምፅ ሰምተው ነው፤ ያ ራዲዮ ከፈረንጆች 1965 ጀምሮ በአማርኛ ያወራል፣ አባባም ሳያዳምጡት አይውሉም። ባቡሩ እውነትም ስላልመጣ በዝናብ እያዘገምኩ ቤቴ ገባሁ።

ስለዚህ እታለም፣ አደራሽን፣ የአባባን የራዲዮ ድንጋይ ቶሎ ቶሎ ቀይሪላቸው። የምኖርበትን አገር ወሬ የምሰማው ከእሳቸው ነው።

ናፋቂ ወንድምሽ፣
ከዞሰንሃይም